የአፍሪካ አንድ ሰማይ የት ደረሰ?

ጃንዋሪ 2024 ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የስምምነቶቹ ቀን እንዳይምታታብን) እዚሁ እኛ ሰፈር ምስራቅ አፍሪካ ውስጥ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ነገር ሆነ። ጃንዋሪ 15 የታንዛኒያ ሲቪል አቪዬሽን የኬንያ ኤርዌይስን የናይሮቢ ዳሬሰላም የመንገደኛ በረራ ከ22 ጀምሮ አግጃለሁ አለ፣ ምክንያቱም ኬንያ ለኤር ታንዛኒያ የካርጎ አውሮፕላን ከናይሮቢ ዕቃ ጭኖ ወደ ሶስተኛ ሀገር እንዲበር አልፈቅድም ብላ ስለነበር ነው። ጃንዋሪ 17 ደግሞ ወደ ሀርጌሳ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ፈቃድ የለህም ተብሎ በሶማሊያ ሲቪል አቪዬሽን ትእዛዝ ከአየር ላይ ተመለሰ። የባህር በሩ የመግባቢያ ሰነድ ከሀርጌሳ ጋር የተፈረመ ሰሞን ነበር፣ ታስታውሳላችሁ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን የአፍሪካ ህብረት አዲስ አበባ ላይ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ መስርተናል ብሎ ካወጀ ስድስት ዓመት ሊሞላው አስር ቀን ገደማ ነበር የቀረው። ገበያው የተመረቀው ጃንዋሪ 28 2018 ነው፣ ፖል ካጋሜ የህብረቱ ሊቀመንበር በነበሩበት ጉባኤ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሳትም ይሉታል፣ እኔም እንደዛው ልጥራው።

ሳትም ከምን ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅ ሁሌ የሚነገረን የፊርማ ቁጥር ነው። ሲመረቅ 23 ሀገር ነበር፣ አሁን ከ55 የህብረቱ አባላት 38 ፈርመዋል፣ ጥሩ እየሄደ ነው ይባላል። እኔ በዚህ መለኪያ አልስማማም። ፊርማውማ ድሮም ነበር፣ ችግሩ የፈረመውን የሚያስፈጽመው ማነው የሚለው ላይ ነው፣ እሱን ለማየት ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አንድ አውሮፕላን ከሀገር ሀገር እንዴት እንደሚበር እንይ። 1944 ቺካጎ ላይ በተፈረመው ኮንቬንሽን መሰረት እያንዳንዱ ሀገር የሰማዩ ባለቤት ነው፣ ማንም አየር መንገድ መደበኛ በረራ ይዞ ያለ ፈቃድ አይገባም። ስለዚ ሁለት ሁለት ሀገሮች እየተቀመጡ ባይላተራል የሚሉትን ስምምነት ይፈራረማሉ። እዛ ውስጥ የትኛው አየር መንገድ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ወደየትኛው ከተማ፣ አንዳንዴ በስንት ወንበር ድረስ ይጻፋል። አንድ አየር መንገድ በሳምንት አራት ጊዜ ተፈቅዶለት መንገደኛው ስለበዛ አምስተኛ ልጨምር ቢል ሚኒስቴር ሄዶ መለመን አለበት ማለት ነው።

የበረራ መብቶቹ ደግሞ ደረጃ አላቸው፣ ባለሙያዎቹ ነፃነቶች ይሏቸዋል። አንደኛው በሰማይህ ላይ ማለፍ፣ ሁለተኛው ነዳጅ ለመቅዳት ምናምን ማረፍ፣ ሶስተኛው ከሀገሬ ሰው ጭኜ አንተ ጋ ማራገፍ፣ አራተኛው ካንተ ጭኜ ወደ ሀገሬ መመለስ ነው። ጠቡ ያለው አምስተኛው ላይ ነው፣ ይሄም አንተ ጋ አርፌ ያንተን ሰው ጭኜ ወደ ሶስተኛ ሀገር መብረር ነው። ለኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሎሜው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቶጎ ሎሜ ያርፍና እዛ ያገኘውን መንገደኛ ጭኖ ኒውዋርክ ይሄዳል፣ ከሎሜ ኒውዋርክ ድረስ ያለው ሰው ኢትዮጵያን በእግሩም አልረገጣትም፣ ትኬቱን ግን ከኛ ነው የገዛው። (ቦሌ ከባህር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል፣ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መሀል ላይ የሚያርፈው በዚህም ምክንያት ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።) ኬንያና ታንዛኒያም የተጣሉት በዚሁ በአምስተኛው ነው።

ይሄን አምስተኛ መብት ለአፍሪካውያን እርስ በርስ ክፍት እናድርገው የሚለው ሀሳብ እንግዲህ ዛሬ የመጣ አይደለም። 1988 ያሙሱክሮ ኮትዲቯር ላይ ሚኒስትሮች መግለጫ አወጡ። 1999 ኖቬምበር እዛው ያሙሱክሮ ውሳኔ ወጣ፣ 2000 ላይ መሪዎቹ አጸደቁት፣ ኦገስት 2002 ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አስገዳጅ ሆነ። ውሳኔው በጣም ጥርት ያለ ነው፣ ሶስተኛ አራተኛና አምስተኛ መብት ክፍት ይሁን፣ የምልልስ ገደብ ይነሳ፣ ዋጋ ለመተመን የመንግስት ፈቃድ አያስፈልግ ይላል። አንድ የውጭ አየር መንገድ በሌላው የሀገር ውስጥ በረራ ይግባ አይልም፣ እሱን ለየሀገሩ ትቶታል።

እንግዲህ ህጉ ከ2002 ጀምሮ አለ። ከዛ 2015 ላይ ኢትዮጵያን ጨምሮ 11 ሀገሮች ያሙሱክሮን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንተገብራለን ብለው ቃል ገቡ። 2018 ሳትም መጣ። እሱም አልንቀሳቀስ ሲል ኖቬምበር 14 2022 ዳካር ላይ ዝግጁ ነን ያሉ ሀገሮችን ብቻ ይዞ የሙከራ ትግበራ ተጀመረ። ያንኑ አንድ ነገር እየደጋገምን ነው የምንፈርመው፣ የመጀመሪያው ፊርማ ስላልሰራ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ስላልሰራ ሶስተኛው እየተባለ፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም በየመሀሉ አስር አስር ዓመት እየሄደ ነው።

ለምን አልሰራም? አስፈጻሚ ተብሎ 2007 ላይ የተሰየመው አፍካክ ነው፣ የአፍሪካ ሲቪል አቪዬሽን ኮሚሽን፣ መቀመጫው ዳካር። አፍካክ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያማክራል፣ ሚኒስትሮችን ሰብስቦ ያወያያል፣ ግን ፈርሞ ያልፈጸመን ሀገር የሚቀጣበት ነገር የለውም። አውሮፓን ብናይ በ1987፣ በ1990ና በ1992 በሶስት ዙር ህግ አውጥተው፣ 1997 ላይ የአየርላንድ አየር መንገድ ጣሊያን ውስጥ ከሮም ሚላን መብረር ሁሉ ይችላል የሚባልበት ደረጃ ደረሱ፣ አስር ዓመት ነው የፈጀባቸው። እዛ ግን አንድ መንግስት ቢያንገራግር የሚከስ ኮሚሽን አለ፣ የሚፈርድ ፍርድ ቤት አለ። የናይሮቢና የዳሬሰላሙ ጉዳይ እንዴት እንደተፈታ እዩት፣ የሁለቱ ሀገር ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ተነጋገሩ፣ በማግስቱ ኬንያ ለኤር ታንዛኒያ ካርጎ ፈቀደች፣ እገዳውም ሳይጀምር ቀረ። ደስ ይላል፣ ግን በሰዎች መልካም ፈቃድ ነው እንጂ በህግ አልተፈታም፣ ታንዛኒያ እንደውም ሳትም ላይ ያኔ አልፈረመችም፣ ኬንያ ግን ከ2015ቶቹ 11 ሀገሮች አንዷ ናት፣ ከልካይዋ ፈራሚዋ ነበረች ማለት ነው።

መከፈቱ ጥቅም አለው ወይ ለሚለው መረጃ ሞልቷል። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባይላተራላቸውን ሲያላሉት የመንገደኛው ቁጥር በ69 በመቶ አደገ። ከጆሀንስበርግ ሉሳካ ርካሽ አየር መንገድ ሲፈቀድ ቅናሽ ትኬቶቹ በ38 በመቶ ወረዱ። የኛንም አየር መንገድ በተመለከተ ያው 2014 ላይ ለአያታ (ለዓለም አየር መንገዶች ማህበር) የተሰራው ጥናት፣ ኢትዮጵያ ላላ ያለ ስምምነት ባላት የአፍሪካ መስመሮች ላይ ትኬት ከ10 እስከ 21 በመቶ ይረክሳል፣ ምልልሱም ከ35 እስከ 38 በመቶ ይበዛል ብሏል። ሞሮኮ ከአውሮፓ ህብረት ጋር 2006 ላይ ሰማይዋን ከፍታ በ2005 83 የነበሩት መስመሮች በ2013 309 ደረሱ። ይቺን የሞሮኮዋን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፣ አንድ አፍሪካዊት ሀገር ከጎረቤት አህጉር ጋር በሰባት ዓመት ያደረገችውን እኛ ከጎረቤቶቻችን ጋር በሀያ ዓመት አላደረግነውም።

ፍርሀቱን ግን አልንቀውም፣ በተለይ እኛ ኢትዮጵያውያን መናቅ የለብንም፣ ምክንያቱም የሚፈሩት እኛን ነው። ራሳችሁን ካምፓላ ላይ አስቀምጡ። ዩጋንዳ ኤርላይንስ 2001 ላይ ተዘግቶ 2019 ላይ በህዝብ ገንዘብ እንደገና ቆመ። በአፍሪካ ብቻ ከ60 በላይ መዳረሻ ያለው አየር መንገድ መጥቶ በአምስተኛ መብት ከኢንቴቤ ሰው እየጫነ ወደ ጎረቤት ልመላለስ ሲለው፣ የካምፓላ ሚኒስትር አይሆንም ቢል ምን ይፈረድበታል? ሰዎቹ ታሪክም አላቸው። ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ኢስት አፍሪካን ኤርዌይስ የሚባል የጋራ አየር መንገድ ነበራቸው፣ ከኛው ጋር በአንድ ዘመን 1946 ላይ ስራ የጀመረ፣ 1977 ላይ በሂሳብና በፖለቲካ ተጣልተው ፈረሰ። ምዕራብ አፍሪካም ኤር አፍሪክን አቋቁመው ከ40 ዓመት በኋላ 2002 ላይ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ተዘጋ። በጋራ ሰርተው የከሰሩ ሰዎች በድጋሚ በጋራ እንስራ ሲባሉ ቢጠነቀቁ አይገርምም።

የናይጄሪያውም ከዚሁ ነው። ሜይ 26 2023 ሊቋቋም የታሰበው ብሄራዊ አየር መንገድ የናይጄሪያ ኤር ቀለም የተቀባ ቦይንግ 737 አቡጃ አረፈ፣ ፕሬዝዳንት ቡሃሪ ስልጣን ሊያስረክቡ ሶስት ቀን ሲቀራቸው። አውሮፕላኑ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፣ ኢትዮጵያ በአዲሱ ኩባንያ 49 በመቶ ድርሻ እንድትይዝ ነበር የታሰበው። የናይጄሪያ የግል አየር መንገዶች ቀድመው ፍርድ ቤት ሄደው ስለነበር ነገሩ ቆመ፣ አዲሱ ሚኒስትርም ፕሮጀክቱን አገዱት፣ 2024 ላይ ፍርድ ቤቱም ውድቅ አደረገው። ያኔ እዚህ ሀገር ብዙ ሰው ናይጄሪያውያን ቀንተው ነው ሲል ሰምቻለሁ። እኔ እንደዛ አላየውም፣ ሌጎስ ውስጥ በብድር አውሮፕላን ገዝቶ ሰራተኛ ቀጥሮ የሚንቀሳቀስ ነጋዴ በመንግስት ድጋፍ የሚገባ ግዙፍ ተወዳዳሪ ቢመጣበት ጮሆ መከራከሩ ትክክል ነው።

እዚጋ ግን አንድ የሚገባኝ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በየሀገሩ ድርሻ የሚገዛው ሰማዩ ስላልተከፈተ ነው። አምስተኛ መብት ቢኖር ኖሮ አውሮፕላኑን ልኮ መስራት ይችል ነበር፣ እሱ ስለተከለከለ የዛ ሀገር ኩባንያ ሆኖ መግባት ነው መንገዱ፣ አብዛኛው ሀገር ደግሞ ብዙው ድርሻ በዜጋ እጅ ይሁን ስለሚል 49 በመቶ ላይ ይቆማል። ማላዊ 49፣ ዛምቢያ 45፣ 2024 መጨረሻ ላይ ስራ የጀመረው ኤር ኮንጎ 49። የቻድና የሞዛምቢኩ ተሞክረው ተዘግተዋል። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው የሎሜው አስካይ ነው፣ ጃንዋሪ 2010 መብረር ጀመረ፣ ብዙው ድርሻ የአካባቢው ባንኮችና የግል ባለሀብቶች ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ባለድርሻና ቴክኒክ አጋር። ቶጎ ትንሽ ሀገር ናት፣ ትልቅ ብሄራዊ አየር መንገድ አልነበራትም፣ የምትከላከለው ነገር ስላልነበራት ከፈተች፣ ዛሬ ሎሜ የምዕራብ አፍሪካ መገናኛ ሆናለች። የሳትም ዋና ደጋፊ ተብለው የተሰየሙትም የያኔው የቶጎ ፕሬዝዳንት መሆናቸው አይገርምም።

አሁን ልቤን ወደሚነካው ወደ አስመራ ልምጣ። ጁላይ 18 2018 ከሀያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ከቦሌ ተነሳ። ሰው ስለበዛ ሁለት አውሮፕላን ተከታትለው ሄዱ፣ ውስጥ አበባና ሻምፓኝ ታደለ፣ አስመራ ሲደርሱ መሬት የሳሙ ነበሩ። አየር መንገዳችን 1946 ላይ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያለፈው በአስመራ ነው፣ ይሄን ያህል የቆየ መስመር ነው። የማውቃቸው አንድ እናት አሉ፣ እህታቸው አስመራ ናት፣ ያን ጊዜ ሄደው ሁለት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ፣ ሻንጣቸው ላይ የተለጠፈውን የአስመራ ታግ እስካሁን አልላጡትም፣ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ከቁም ሳጥኑ ላይ አየዋለሁ።

ጁላይ 2024 የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን ከሴፕቴምበር 30 ጀምሮ የኢትዮጵያን በረራ እንደሚያቆም አስታወቀ፣ ዋጋ ይቆልላል፣ የመንገደኛ ሻንጣ ይጠፋል የሚል ክስ አቀረበ። ሴፕቴምበር 3 ደግሞ አየር መንገዱ ራሱ ቀድሞ በረራውን አቆመ፣ አስመራ ያለው የባንክ ሂሳቤ ታግዶ ገንዘቤን ማውጣት አልቻልኩም አለ። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ የሚፈጀው መንገድ በካይሮ ወይ በዱባይ ዞሮ የሚኬድ ሆነ። ፖለቲካውን ለፖለቲካ ሰዎች እተወዋለሁ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ክሱ ራሱ የሚሰማው አጥቶ መቅረቱ ነው። ዋጋው ተቆልሏል ወይስ አልተቆለለም? የሻንጣው አቤቱታ እውነት ነው? ሂሳብ ማገድስ ይቻላል? እነዚ ሁሉ ሰነድ ቀርቦባቸው መልስ ሊያገኙ የሚችሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ሳትም የሸማች ጥበቃና የውድድር ደንብ፣ የክርክር መፍቻ ስርአት በወረቀት አለው፣ ኤርትራ ግን አልፈረመችም፣ ብትፈርምም ክሱ የሚወሰድበት ቦታ ገና በደንብ አልቆመም።

ገንዘብ ማገዱ ላይ ግን ስለራሳችንም እውነቱን እንናገር። 2024 አጋማሽ ላይ አያታ የአየር መንገዶች ገንዘብ ተይዞባቸዋል ብሎ ካወጣቸው ሀገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ በ149 ሚሊዮን ዶላር ነበረች፣ ኤርትራ በ75 ሚሊዮን። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪ እጥረት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ቢሆንም አዲስ አበባ ትኬት ሸጦ ዶላሩን ማውጣት ያልቻለ የውጭ አየር መንገድ ምልልሱን መቀነሱ አይቀርም። ናይጄሪያ ውስጥ በ2023 አጋማሽ የተያዘው 850 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፣ ኤምሬትስ በዚሁ ምክንያት ወጥቶ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው የተመለሰው። የበረራ መብት ሰጥተህ ገንዘቡን ካልለቀክለት ምን ሰጠኸው?

ሌላው ታክሱ ነው። አንዴ ከሁለት ሰዓት ለማይበልጥ የጎረቤት ሀገር በረራ ትኬት ቆርጬ ደረሰኙን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዋናው ዋጋ ስር በሁለት በሁለት ፊደል የተጻፉ ክፍያዎች ተደርድረዋል፣ የመንገደኛ አገልግሎት፣ የደህንነት፣ የመነሻ፣ የመድረሻ፣ አንዱን ኤጀንቷን ብጠይቃት እሷም የምን እንደሆነ አታውቀውም። ዋይ ኪው የምትል አለች፣ ብዙ ሰው የመንግስት ታክስ ይመስለዋል፣ እሷ ግን አየር መንገዱ ራሱ ለነዳጅ ምናምን ብሎ የሚጨምራት ናት። አያታ እንደሚለው አፍሪካ ውስጥ ነዳጅ ከዓለም አማካይ በ17 በመቶ ይወደዳል፣ አየር መንገዶቹም ከአንድ መንገደኛ የሚያተርፉት ለ2025 የተገመተው 1.3 ዶላር ነው፣ የዓለሙ አማካይ 7.2። ስለዚ ትኬቱ የተወደደው አየር መንገዱ ስለበላው ብቻ ነው የሚባለው ልክ አይደለም፣ ከሰማይ በፊት መሬት ላይ ያለው ክፍያ መንገደኛውን ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ የምዕራብ አፍሪካ ሀገሮች ማህበር ኢኮዋስ ያደረገው ከፊርማ ቁጥር ሁሉ ይበልጥብኛል፣ ዲሴምበር 2024 አቡጃ ላይ ከጃንዋሪ 1 2026 ጀምሮ የአየር ትኬት ታክሶች እንዲቀሩ፣ የመንገደኛና የደህንነት ክፍያውም በ25 በመቶ እንዲቀንስ ወሰኑ። ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ደረሰኝ ላይ የሚታይ ውሳኔ ነው።

ቪዛውን በአጭሩ ልለፈው፣ ሳትም በተመረቀበት በዛው ጉባኤ በማግስቱ የነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል ጸድቆ 32 ሀገር ፈረመ፣ በየሀገራቸው ያጸደቁት ግን አራት ናቸው፣ ስራ ላይ እንዲውል ደግሞ 15 ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ኖቬምበር 2018 ላይ ለአፍሪካውያን ሁሉ ኤርፖርት ላይ ቪዛ መስጠት መጀመሯ ጥሩ ስራ ነበር።

ስለዚ የሳትም ግምገማ ቢሰራ እኔ ማየት የምፈልገው የፈረሙትን ዝርዝር አይደለም። በዓመቱ ስንት የአምስተኛ መብት ጥያቄ ቀረበ፣ ስንቱ ተከለከለ፣ ማን ከለከለ፣ በምን ምክንያት የሚለው በይፋ ይውጣ። ይሄ ለአፍካክ ስልጣን ባይጨምርለትም የከለከለው ሀገር ስሙ ይነበባል። ሌላው ደግሞ ከአዲስ አበባ ነው የሚጠበቀው። ቢሾፍቱ አካባቢ የታቀደው ኤርፖርት በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን ሰው ያስተናግዳል ተብሏል፣ ያ ሁሉ መንገደኛ ከኢንቴቤ፣ ከዳሬሰላም፣ ከሞቃዲሾ፣ ከአስመራ ነው የሚመጣው፣ የነሱ መንግስታት ደግሞ አየር መንገዳቸው ይሞትብናል ብለው የሚፈሩ ናቸው። ኢትዮጵያ ከነዚህ ጋር ስትደራደር የአስካይን አይነት ድርሻ፣ ለትንንሾቹ አየር መንገዶች የጥገናና የስልጠና ቅናሽ፣ ቦሌ ላይ ለነሱ አውሮፕላኖች ጥሩ የመነሻ ሰዓት ይዛ መቅረብ ትችላለች። ሌሊትና ማለዳ ትራንዚቱ ሲሞላ፣ መንገደኛው ሁሉ ከአውሮፕላን አውሮፕላን የሚለዋወጥባቸው ሰዓቶች ለአንድ የካምፓላ አውሮፕላን ትልቅ ስጦታ ናቸው፣ እስካሁን ግን በብዛት የተያዙት በራሳችን በረራ ነው።